የጉብታው ጀርባ

አበልጄን አብሳሎንን አልወደውም። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፤ የሱን ሴት ልጅ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከአንድ ጉድጓድ አፈር ቆፍረን፣ ጭነታችንን በአንድ አህያ ደርበን፣ ዕድሜያችንን በአንድ መንገድ ፈጅተናል። ቢሆንም አልወደውም። ቀድሞኝ ከሞተ ደረቴን እየደቃሁ አለቅስለታለሁ፤ እስከዚያ ግን ስለሱ ለጠየቀኝ ሁሉ ያለውን እናገራለሁ። ድርቅ ያለ ሰው ነው። ሲሰድቡት አይመልስም፤ ሲመክሩት አይሰማም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለሱ ነው።

እኛ የሩሚፓታ ሰዎች አገራችን ድንጋይ እንጂ እህል አታበቅልም። እግዜር ግን ድንጋዩን በከንቱ አልሰጠንም። ተወቅጦ ሲልም ከሸክላ አፈር ጋር ይቦካል፤ የሌላ አገር ሸክላ ሠሪ ያንን ዱቄት ስለማያገኝ ጋኑ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል፤ የኛ ግን አይሰነጠቅም። ዝናቡ ሲያበቃ ዱቄታችንን በአህያ ጭነን፣ መምቻ እንጨታችንን ወገባችን ላይ ሸጉጠን ወደ እህል አገር እንሄዳለን። ጭቃውን እዚያው ቆፍረን፣ እዚያው ሠርተን፣ እዚያው እንተኩሳለን። ዋጋው ከአያቶቻችን ጀምሮ አንድ ነው። ባለቤቷ አዲሱን ጋን በእህል ትሞላለች፤ እህሉ ለኛ፣ ጋኑ ለሷ። ገንዘብ የለም፣ ክርክርም የለም። ክርክር የለም ስል አብሳሎን ይህን ሥራ እስኪጀምር ድረስ ማለቴ ነው።

ሌሎቻችን አባቶቻችን እንዳሳዩን ክብ ሆድ፣ አጭር አንገት እንሠራለን። አብሳሎን ግን መንገድ ላይ ኮረብታ ካየ አለቀለት። አህያዋን ለኔ ጥሎ ሊዞረው ይሄዳል። ጎኑን ይረግጠዋል፣ ጀርባውን ይወጣዋል፣ ሥሩን ይከተለዋል፤ እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ ከአህያዋ ጋር እተያያለሁ። ከዚያ መንደር ስንደርስ ያንን ኮረብታ በጭቃ ያወጣዋል። ዛፍና ቤት ይስልበታል ማለቴ አይደለም፤ ጋን ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ነገር ግን ያንን መንገድ የሄደ ሰው እጁን ሲያሳርፍበት ያውቀዋል። ጉልበቴን የጨረሰኝ አቀበት የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ ጋኑ ላይ ማሳየት እችላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር እኔ ሠርቼ አላውቅም፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያናድደኛል።

ጣጣው ምንድን ነው፣ ኮረብታ ከፊት ሲያዩት ትንሽ ነው። ትልቅነቱን የሚያውቀው የዞረው ሰው ብቻ ነው። የአብሳሎንም ጋን እንደዚያው። ሴትየዋ ከደጇ ቆማ ስታየው ሚጢጢ ነገር ይመስላታል፤ እህል ማፍሰስ ስትጀምር ግን ይውጣል። ወደ ጎተራዋ ተመልሳ ታመጣለች፤ እንደገና ይውጣል። ሦስተኛ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነው፤ የምትመለከተውም ጋኑን ሳይሆን እኛን ነው።

በዚህ ነገር ከምንዞርበት መንደር ሁሉ የባሰባቸው ያናፓምፓዎች ነበሩ። ያናፓምፓ ደግሞ ሰው ሁሉ በአክብሮት ዶኛ ሶይላ የሚላት መበለት አለች። ሰፊ የገለባ ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ እየሄደችም ቆማም ሱፍ ትፈትላለች። እንዝርቷ እስከዞረ ድረስ የፈለገችውን ብትናገር ደህና ነው፤ እንዝርቷ ከቆመ ግን ወዮልህ። የመንደሩ ሴቶች እሷ ያለችውን ያያሉ፣ እሷ የጠላችውን ይጠላሉ።

በዚያ ዓመት ሰማይ ጨክኖብን ሩሚፓታ የነበረችው ጥቂት ድንች እንኳ መሬት ውስጥ በሰበሰች። አብሳሎን ቤት የሚቀመስ አልነበረም። ሚስቱ ሜልቾራ ስትሸኘን አንድ እፍኝ የበቆሎ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችውና፣ “ያናፓምፓ እህል ካልሰጠን ልጆቹን ይዤ ወዴት እንደምሄድ አንተው ንገረኝ” አለችው። ጨርቁን ጉያው ውስጥ ሸጉጦ ወጣ። ቆሎውን ግን መንገድ ላይ አልነካውም።

ያናፓምፓ ስንገባ ሴቶቹ አደባባዩ ላይ ተሰብስበው ጠበቁን።

“ሌቦቹ መጡ” አለች ፊሎሜና፣ የዶኛ ሶይላ ጎረቤት፤ ድምፅዋ ከጡሩንባ ይበልጣል።

“ሌባው አንዱ ነው” አለች ዶኛ ሶይላ እየፈተለች። “ያኛው ሞኝ ነው።”

ሞኙ እኔ ነኝ።

“እንደምን ከረሙ ዶኛ ሶይላ” አልኩ ባርኔጣዬን አውልቄ።

“እናንተ እስክትመጡ ደህና ከርመን ነበር።” ወደ አብሳሎን ዞረች። “ስማ አንተ። ዓምና የሠራህልኝ ጋን ገብሴን ጠጥቶ ጠጥቶ ግሳት እንኳ አላወጣም። ጎተራዬን አራቁተህ ነው የሄድከው። በየትኛው ድግምት ነው ይህን የምትሠራው?”

“ድግምት የለበትም” አለ አብሳሎን። “ጋኑ ለኔ የጠጣው አንድ ቀን ነው። ለእርስዎ ዓመቱን ሙሉ ይዞልዎታል።”

“እኔ ትልቅ ስጠኝ አልኩህ? በልኬ ስጠኝ ነው ያልኩህ! ለትንሽ እግር ትልቅ ጫማ አልብሰህ የቆዳውን ዋጋ ጨምሪ ትለኛለህ?”

ሴቶቹ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልስቅ ነበር፤ ሴትየዋ የተናገረችው ሐሰት አልነበረም። አብሳሎን ግን ዓይኑን ከሷ በላይ አሻግሮ ያይ ነበር። ከዶኛ ሶይላ ቤት ፊት ለፊት አንዲት ጉብታ አለች፤ ስም እንኳ የላትም፤ ሁሉም “ጉብታው” ነው የሚላት። ዶኛ ሶይላ የት እንደሚያይ አየች።

እንዝርቷ ቆመ።

“ደስ አለችህ?” አለች። “እንግዲያው እሷን ሥራልኝ። ከተዳርኩበት ቀን ጀምሮ ከደጄ ሳያት ኖሬያለሁ፤ ልኳን ዓይኔ ያውቀዋል። ቁመቱን እኔ እሰጥሃለሁ፤ እስከ ወገቤ። ልክ ጉብታዋን ይምሰል። እኔ ደግሞ ዓይኔ ይበቃል ያለውን አንድ ጆንያ ገብስ አወጣለሁ። ጋንህ ጆንያውን ጨርሶ ‘ጨምሩልኝ’ ካለ ሌባ ነህ፤ የያናፓምፓ መንገድ ላንተም ለዘር ማንዘርህም ይዘጋል። ጆንያው ውስጥ ገብስ ከተረፈ ግን ሴቶቹ ሁሉ ጋን ያሠሩሃል፤ እኔም አፌን እይዛለሁ።”

“ሶይላ አፏን ልትይዝ!” አለች ፊሎሜና። “ይህንን ሳላይማ አልሞትም!”

“እሺ” አለ አብሳሎን።

እንዲህ ያለ ነገር ላይ እሺ የሚል ሰው ምን ይባላል? ጎተትኩና ወደ አህያዋ ወሰድኩት።

“አበልጄ፣ ስማኝ። ይሄ ቀላል ነገር ነው። ከፊት ጉብታዋን አስመስለው፤ ከኋላ ጠፍጣፋ አድርገህ ጨርሰው። ግድግዳውንም አወፍረው። ጆንያው ተርፎ ይደርሳል፤ አንተም እህልህን ጭነህ ትሄዳለህ።”

“ጀርባዋን አላየሁትም” አለ።

“ማን አየው? ለምን ታየዋለህ? ሴትየዋ ራሷ ከደጄ ነው የማያት አለችህ እኮ!”

“ካላየሁት እንዴት ልሠራው?”

“ልጆችህ ድንጋይ ሊቆረጥሙ ነው፣ አንተ ጀርባ ትላለህ!”

“አውቃለሁ” አለ። የሚያኝከውን የኮካ ቅጠል ጉንጩ ውስጥ ወተፈና ሄደ። እኔን ከአህያዋ ጋር እንደ ልማዱ ተወኝ። የዚያን ጊዜ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቱን ብለው ደስታዬ ነበር።

ጉብታዋን ዞሮ ከዓይን ሲሰወር ፊሎሜና አጠገቤ መጥታ አማተበች።

“ወደዚያ ሰው አይሄድም” አለችኝ፣ ያ ድምፅዋ ወርዶ።

“ለምን?”

“የዚያን የክፉ ዝናብ ዓመት ጀርባዋ ተንዶ ወርዷል። ሮሴንዶ፣ የሶይላ ባል፣ በሬዎቹን ጠምዶ እያረሰ ነበር። እሱም በሬዎቹም እዚያው ናቸው። ብንቆፍር ብንቆፍር አላገኘነውም። ሶይላ ከዚያ ወዲህ ዞራ አይታው አታውቅም፤ እኛም ለሷ ብለን በዚያ መሄድ ተውን። ውኃ የምንቀዳው እንኳ በሩቁ ዞረን ነው። እና ይሄ ሰውዬ…”

“አያውቅም” አልኩ።

“ካላወቀ እንዳይሠራው ንገረው። ቢሠራው እኔም አላድናችሁም።”

የመንደሩ ወንዶች ከማሳ ሲመለሱ አየሁ፤ ሁሉም ዶማ ይዘዋል፤ ሁሉም የሮሴንዶ ዘመድ መሰሉኝ። አብሳሎን የተመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጉልበቱና እጁ ቀይ ሆኗል፤ የያናፓምፓ አፈር ጥቁር ነው፣ ያ ቀይ የመጣው ከናዳው ብቻ ነው። ፊሎሜና ያለችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ቁጭ ብሎ አዳመጠኝና እጁን አየ፤ ቀዩን አፈር አላራገፈም።

“ትልቅ ጎድጓዳ አለ” አለ። “ከላይ እስከ ታች ገምጦታል።”

“እንግዲያው አትሠራውም። ገባህ? ጎኑን ደፍነህ ሙሉ አድርገህ ትሠራዋለህ።”

“ሙሉ ካደረግሁት ይውጣል። ጀርባዋ ረጅም ነው። ጆንያውን ይጨርሰዋል።”

“ጠፍጣፋ አድርገዋ!”

“ጠፍጣፋ አይደለም።”

“አብሳሎን!”

“ጉብታውን ነው ያዘዘችኝ” አለ። “ጉብታው እንዲያ ነው።”

ከዚያ በኋላ የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ እናቱ ደግ ሴት ነበረች። አህያዋን ፈትቼ ልሄድ ተነሳሁ። ግን የት እሄዳለሁ? ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ፤ ጠጠር ሆኖ የተፈጠረ ሰው ደግሞ መሄጃ የለውም። አህያዋን መልሼ አሰርኩና ጭቃውን ማቡካት ጀመርኩ።

ሲሠራ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የዚያን ጊዜውን ግን ደጋግሜ ማየት አልፈልግም። በግራ እጁ ከውስጥ ጠጠር ደግፎ፣ በቀኙ ከውጭ በመምቻው እየመታ ሆዱን አሳደገው፤ ፊቱ የጉብታዋ ፊት ሆነ፣ ጀርባው ረዘመ። ከዚያ ጠጠሩን ከውስጥ አወጣና ያንን የመሰለ ጀርባ በክርኑ ወደ ውስጥ ገፋው። ቀስ እያለ ገፋ፤ ላቡ ጭቃው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ጎድጓዳው ከአንገት በታች ጀምሮ እስከ ሥሩ ወረደ። እኔ እሱን ሳይሆን የሠፈርንበትን ግቢ በር ስጠብቅ ነበር፤ ሰው በመጣ ቁጥር ገለባ እጥልበታለሁ። ሲደርቅም፣ በኩበትና በገለባ ስንተኩሰውም ያንን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር። እሱ ለመደበቅ አልሞከረም፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ።

በመለኪያው ቀን መንደሩ በሙሉ ዶኛ ሶይላ ደጅ ወጣ። ልጆች አጥር ላይ ተንጠላጠሉ፤ ወንዶቹ ቺቻቸውን፣ የበቆሎ ጠላውን፣ በቅል ይዘው መጡ፤ ሠርግ እንጂ የገብስ መለኪያ አይመስልም። ጋኑን ፊቱን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባውን ወደ ጉብታዋ አድርጌ አስቀመጥኩና ከኋላው ሄጄ ተገተርኩ።

“ወይ ጉድ፣ እሷው ናት!” አለ አንዱ። ሰዎቹ ጋኑን ያያሉ፣ ቀና ብለው ጉብታዋን ያያሉ፣ ተመልሰው ጋኑን ያያሉ።

ዶኛ ሶይላ እንዝርቷን ቀበቶዋ ውስጥ ሰክታ ጆንያውን በሁለት እጇ አቀፈችና አፈሰሰች። ገብሱ ወረደ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። እኔ በልቤ፣ “ጠግበሃል በል፣ አንተ ሆዳም፣ ጠግበሃል በል” እላለሁ። አብሳሎን ክንዱን አጣጥፎ መሬት መሬት ያያል። ገብሱ አንገቱ ጋ ደረሰ፣ አፉ ላይ ቆለል አለ፣ ቆመ። ጆንያው ውስጥ ገና ብዙ ነበር።

ደጁ በጩኸት ተናጋ። ፊሎሜና እያጨበጨበች፣ “በይ አፍሽን ያዢ! በይ ያዢ!” አለች። አንዷ ሴት ከወዲያ፣ “እኔ ሁለት ጋን!” ብላ ጮኸች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። እህሉ ተገኘ፣ መንገዱ ተረፈ፣ ሜልቾራና ልጆቿ በሉ። ባርኔጣዬን ወደ ላይ ልወረውር እጄን አነሳሁ።

“ቆይ” አለች ዶኛ ሶይላ።

የጋኑን ከንፈር በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ለካች። ስስ ነው።

“ግድግዳው አልወፈረም። ታዲያ ገብሱ የት ሄደ? ከፊት ይሄን የሚያህል ጋን እንዴት በዚህ ጠገበ? ተንኮል አለበት።” ልትዞር ተነሳች። መንገዷ ላይ ቆምኩ።

“ዶኛ ሶይላ፣ ይተዉት፣ ተጠቀሙ እኮ። እህልዎ ተርፏል። ምን ይፈልጋሉ?”

“ዞር በል፣ ሞኙ።”

ዞር አልኩ።

ጩኸቱ ከፊት ከፊት እየበረደ ሄደ፤ ፊቷን ያዩት ቀድመው ዝም አሉ፣ ያላዩት ተከተሉ። ቆማ አየችው። ከዚያ እጇን ጎድጓዳው ውስጥ አስገባች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ገባ። መዳፏን ከላይ እስከ ታች አወረደችው።

“ማን ነገረህ?”

“ኢላርዮ ነግሮኛል” አለ አብሳሎን ወደኔ እያየ። “እሱ ግን የነገረኝ ከተመለስኩ በኋላ ነው።”

ይኸውላችሁ አበልጄ። በዚያ ሁሉ የሮሴንዶ ዘመድ ፊት ስሜን ጠራ።

“ማን መራህ?”

“እግሬ።”

“እግርህ ይሰበር!” አለች። “ማን ሂድ አለህ? እኔ ከደጄ የማያትን ነው ያዘዝኩህ! ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ያልረገጠውን፣ እኔ ያልረገጥኩትን፣ አንተ የየት አገር ሰው ነህና ነው የምትረግጠው? ምን ልታሳየኝ ነው? እንዳልረሳው ነው? የረሳሁ መሰለህ?”

“አይ” አለ አብሳሎን።

አንድ ወንድ ወደ ፊት ተራመደ። ዶኛ ሶይላ ሳታየው በእጇ መለሰችው። ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

“ደንቡ ምንድን ነው?” አለች። “ጋኑን ትሞላለች ነው?”

“ነው።”

“ይሄስ ጎን የጋኑ አይደለም?”

አብሳሎን ቀና ብሎ አያት። “የጋኑ ነው” አለ።

የተረፈውን ጆንያ አነሳች። አፉን ጎድጓዳው ላይ አስጠግታ ማፍሰስ ጀመረች። ገብሱ ሸክላውን እየነካ ወደ መሬት ይንሸራተታል፤ መያዣ የለውም፣ ውጭ እኮ ነው። እሷ ግን ማፍሰሷን አላቆመችም።

“ሙላ!” አለች። “ሙላ አንተ የማትጠግብ! በሬዎቹን በላህ፣ እሱን በላህ፣ ሙላ!”

ፊሎሜና፣ “ሶይላ፣ እህቴ…” ብላ ልትይዛት ስትጠጋ በክርኗ ገፈተረቻት። ጆንያው ባዶውን ቀረ። ዶኛ ሶይላ ግልብጥ አድርጋ አራገፈችውና ወረወረችው።

“ሞላ?” ብላ ጠየቀችው።

“አልሞላም” አለ አብሳሎን።

“ጆንያዬን ጨርሷል። አሁንም ጨምሩልኝ ይላል። ሌባ ነህ። ከያናፓምፓ ውጣ።”

አንድም ሰው አልተከራከረም። ሁለት ጋን ያለችውም ሴት አንገቷን ደፋች። አብሳሎን ተንበርክኮ የፈሰሰውን ገብስ ይለቅም ጀመር፤ እኔም ከጎኑ ተንበረከክሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሰችው ሌላ፣ የምንለቅመው እኛ። እሷ በላያችን ላይ ቆማለች።

“በደንብ ልቀም” አለችው። “የሮሴንዶ ድርሻ ነው። አንዲት ፍሬ ለዶሮ ብትተው እግርህን እሰብረዋለሁ።”

ለቀምነው። አፈሩን በጣታችን እየበረበርን፣ አንዲትም ሳናስቀር ለቀምነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ስጮህበት ሄድኩ። የጫንነው ገብስ፣ ከጋኑ የቀዳነውና የለቀምነው ተደምሮ፣ ካሰብነው አንድ ጋን ቢበልጥም ለዓመት አይበቃም፤ ያናፓምፓ ተዘግቶበታል፣ ወሬው ሌሎቹንም መንደሮች ይዘጋበታል። “ጠፍጣፋ አድርገው ብዬህ ነበር!” አልኩት። ዝም። “ለማን ብለህ ነው?” አልኩት። ዝም። ሜልቾራ ግን ዝም አላለችም፤ የሷ ጩኸት የኔን አስረስቶኛል። ገብሱ ሲያልቅ አብሳሎን መምቻውን ግድግዳ ላይ ሰቀለና ሸንኮራ ሊቆርጥ ወደ ባሕሩ አገር ወረደ። በየኮረብታው የሚዞር ሰው ኮረብታ በሌለበት ሜዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ሊውል።

በቀጣዩ በጋ እኔ ብቻዬን ወጣሁ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? መንገዱ የኔ ሆነ፤ አህያዋ የኔ ሆነች፤ ፀሐይ ላይ የሚገትረኝ የለም። ክብ ሆዴንና አጭር አንገቴን እየሠራሁ መንደር ከመንደር ዞርኩ። ያናፓምፓ ስደርስ ሴቶቹ ያለምንም ክርክር አሠሩኝ። ጋኖቼን አይተው የሚናገሩት ነገር ግን አልነበራቸውም።

ዶኛ ሶይላ ቤት ሳልደርስ ላልፍ ነበር። ደጇ ላይ ያ ጋን ቆሟል፤ ጎድጓዳውን ወደ መንገዱ አዙራዋለች፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው። እሷ ከጎኑ ቆማ ትፈትላለች።

“ያ ሌባ የት አለ?” አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

“ባሕሩ አገር። ሸንኮራ እየቆረጠ። ያባረሩት እርስዎ ነዎት።”

“አዎ፣ እኔ ነኝ። ሥራውን አበላሽቶ ነው የሄደው።”

“ምኑን አበላሸ?”

በእንዝርቷ ጫፍ የጋኑን ጎን ነካች። “እዚህ፣ ከጎድጓዳው አፍ በስተግራ፣ ወጣ ያለ ድንጋይ አለ። ሰው የሚያስቀምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ። እሱ ዘሎታል። ለስላሳ አድርጎት ሄዷል፣ ሰነፍ! ደግሞ ሥሩ ይሄን ያህል አይጠልቅም፤ ሣር በቅሎበታል፣ ሞልቷል ትንሽ።”

ጫማዋን አየሁ፤ ጠርዙ ላይ ቀይ አፈር ደርቋል። እንዳየሁ አየችና ቀሚሷን ዝቅ አደረገች።

“ምን ያፈጥሃል? ሂድና ንገረው። መጥቶ ሌላ ይሥራ፣ ድንጋዩን የያዘ።”

“እና መለኪያውስ?”

“የፈለገውን ያህል ይዋጥ፤ እኔ ነኝ የምሞላው። ሌባ ማለቴን ግን አልተውም፤ ይህንንም ንገረው።” እንዝርቷን አዞረች፤ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ዝም ብዬ ወደ ሩሚፓታ መሄድ እችል ነበር። መንገዱ የኔ ሆኖ ይቀር ነበር። እየተራገምኩ አህያዋን ከአንድ ቁጥቋጦ ጋር አሰርኩና፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንዲት ኮረብታ ልዞር ሄድኩ። ልክ ናት፤ ከጎድጓዳው አፍ በስተግራ ወጣ ያለ ድንጋይ አለ፣ አብሳሎን ዘሎታል። ድንጋዩ በመቀመጥ ብዛት አቧራው ተጠርጓል። ዙሪያው፣ ሣሩ ላይ፣ የተባዘተ ሱፍ ብናኝ ነጭ ነጭ ሆኖ ተበትኗል፤ የአንድ ቀን አይደለም፣ የብዙ ቀን ነው።

ከዚያ ወርጄ አህያዋን ፈታሁና መንገዴን ወደ ባሕሩ አገር አዞርኩ፤ እሱን እስካገኘው ድረስ ስሰድበው ሄድኩ።